በኤክሴል የራሳችንን ፈንክሽን ስንጽፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፔይሮል ከሚሠራው ጓደኛዬ ጀምሮ «ዘንድሮ ፋሲካ መቼ ነው?» እያለች እስከምትደውልልኝ አክስቴ ድረስ፣ ጉዳያቸው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ኤክሴል የማያውቀውን ስሌት ኤክሴልን ማስተማር። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር። ፎርሙላዎቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ለማንበብ እንዲመቹ ነው። ላምዳ፣ ሌት፣ ሞድ፣ ኢንት፣ ማክስ፣ ኢፍ፣ ቹዝ፣ ማፕ የኤክሴል የራሱ ቃላት ስለሆኑ ሴል ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፏቸው። በመካከል የምታዩት ነጠላ ሰረዝም እዚያ ስትደርሱ የእንግሊዝኛው ኮማ ይሁን። በአማርኛ ኪቦርድ ጽፋችሁ የእኛን ሰረዝ ካስገባችሁ ኤክሴል ፎርሙላውን አይቀበልም፤ ዓይናችሁ ግን ስህተቱን ቶሎ አያየውም።

ፎርሙላ እያለ የራስ ፈንክሽን ምን ይሠራልኛል?

ፎርሙላ ሴል ውስጥ ይኖራል። ፈንክሽን ግን ስም አለው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የደመወዝ ግብርን ውሰዱ። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ ከሱ በላይ ያሉት እርከኖችም ተቀየሩ። ያን ሰሞን አንድ ቢሮ የፔይሮል ፋይሉን እንዳስተካክል ጠራኝ። አሥራ ሁለት ሺት ነበረው፤ በየሺቱ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ፊት ለፊት ኢፍ በኢፍ ላይ የተደራረበበት፣ ለማንበብ እንኳ ትንፋሽ የሚያሳጥር ፎርሙላ ተቀምጧል። ቀየርኩ፣ ጎተትኩ፣ ጨረስኩ ብዬ ወጣሁ። በኋላ አንዲት ሠራተኛ «የሁሉም ግብር ሲቀንስ የእኔ ለምን እንደድሮው ሆነ?» ብላ ጠየቀች። ልክ ነበረች። አንድ ረድፍ ላይ የድሮው ፎርሙላ ሳላየው ቀርቷል። ፈንክሽን ቢሆን ኖሮ አንድ ቦታ እቀይርና ሁሉም ሴል ይከተል ነበር።

የትኛው ኤክሴል ነው የሚያስፈልገኝ?

ላምዳ፣ ማለትም የራሳችንን ፈንክሽን የምንሠራበት ቃል፣ ያለው ማይክሮሶፍት 365 እና ኤክሴል 2024 ላይ ነው። ኤክሴል 2021 ሌት አለው፣ ላምዳ የለውም። 2019ም ሆነ ከዚያ በፊት የወጡት ሁለቱም የላቸውም፤ እነሱ ላይ መንገዱ ቪቢኤ (የኤክሴል ማክሮ መጻፊያ ቋንቋ) ነው፣ ከታች እመጣበታለሁ። ብር ማውጣት የማትፈልጉ ከሆነ ጉግል ሺትስ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላምዳንም ስም ያላቸውን ፈንክሽኖችም በነፃ ይሰጣል።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚጻፈው?

በግብሩ እንጀምር። አሁን ያለው እርከን እንዲህ ነው፦ እስከ 2,000 ብር ዜሮ፣ እስከ 4,000 አሥራ አምስት በመቶ ሲቀነስ 300፣ እስከ 7,000 ሃያ በመቶ ሲቀነስ 500፣ እስከ 10,000 ሃያ አምስት በመቶ ሲቀነስ 850፣ እስከ 14,000 ሠላሳ በመቶ ሲቀነስ 1,350፣ ከዚያ በላይ ሠላሳ አምስት በመቶ ሲቀነስ 2,050።

ሰው ሁሉ ይህን በኢፍ ይጽፈዋል። አያስፈልግም። መቶኛው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ስድስቱንም ሒሳብ ሠርታችሁ ትልቁን ብትወስዱ ትክክለኛው ግብር እሱ ነው፦

=ላምዳ(ደመወዝ፣ ማክስ(0፣ ደመወዝ\*15%-300፣ ደመወዝ\*20%-500፣ ደመወዝ\*25%-850፣ ደመወዝ\*30%-1350፣ ደመወዝ\*35%-2050))

በ5,000 ብር ሞክሩት። 450፣ 500፣ 400፣ 150 ይመጣል፣ የመጨረሻው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ትልቁ 500 ነው፤ በሃያ በመቶው እርከን የሚገባው ግብርም 500 ነው። እኔ ይህን ዘዴ ካወቅኩ ወዲህ ለግብር ኢፍ ጽፌ አላውቅም።

ይህን ሴል ውስጥ ብቻውን ብትጽፉት «ካልክ» የሚል የኤክሴል ስህተት ይመጣል። ፈንክሽኑን ሠራችሁ እንጂ አልጠራችሁትም፤ ጀበናውን ጥዳችሁ ሲኒ እንዳለማቅረብ ነው። መጨረሻው ላይ በቅንፍ (5000) ጨምሩበት፣ 500 ይላል። መሥራቱን ካያችሁ በኋላ ያችን የመጨረሻ ቅንፍ አውጡና ፎርሙላውን ኮፒ አድርጉ፤ ኮንትሮልና ኤፍ 3 ተጫኑ፣ ኔም ማኔጀር ይከፈታል፣ ኒው በሉ፣ ስሙን ግብር በሉት፣ ታች ካለው ሳጥን ውስጥ ፎርሙላውን ለጥፉ። አለቀ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ሴል ላይ =ግብር(ሲ5) ማለት ትችላላችሁ።

አንዱ ፈንክሽን ሌላውን መጥራትም ይችላል። ሠራተኛው ለጡረታ የሚያዋጣው 7 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ከመሠረታዊ ደመወዝ ውጪ ምንም ለሌለው ሰው የተጣራው =ላምዳ(ደመወዝ፣ ደመወዝ-ግብር(ደመወዝ)-ደመወዝ\*7%) ይሆናል። አበልና ትርፍ ሰዓት ካለ ግብሩ በጠቅላላው ላይ፣ ጡረታው በመሠረታዊው ላይ ስለሆነ ሁለት ግብዓት ስጡት።

በአማርኛ ስም መስጠት ይቻላል ወይስ እያሾፍክ ነው?

ይቻላል። እንዲያውም በእንግሊዝኛ ፊደል የማይሠራው በእኛ ይሠራል። አንድ ልጅ ፈንክሽኑን በሦስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ታክስ ብሎ 2017 ቀጠለበትና ኤክሴል እምቢ አለው። ለምን? ኤክሴል ዓምዶቹን እስከ ኤክስ ኤፍ ዲ ድረስ ስለሚሰይም፣ ያ ስም የአንድ እውነተኛ ሴል አድራሻ ነው። ግብር2017 ብሎ በፊደላችን ሲጽፈው ሠራ።

የእኛ ችግር ሌላ ነው። ለኤክሴል ዓመት እና አመት ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሐ፣ ሀ እና ኀ ሦስት ናቸው። ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ፈንክሽኑን «ጸሐይ» ብላችሁ ሰይማችሁ በሌላ ቀን «ፀሀይ» ብላችሁ ብትጠሩት ኔም የሚል ስህተት ይሰጣችኋል፣ እናንተም ግማሽ ሰዓት ፎርሙላውን ስትመረምሩ ትውላላችሁ። አጭር ስም ምረጡ፣ ሞክሼ ፊደል የሌለበት ቢሆን ይመረጣል።

ለአንድ ሴል ይሠራል፣ ሙሉ ዓምዱን ስሰጠው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ያመጣል። ምን ነክቶት ነው?

ማክስ ነው። ከሁለት መቶ ሠራተኛ ደመወዝ ስትሰጡት ከሁሉም ትልቁን ብቻ ያወጣል። ለእያንዳንዱ ተራ በተራ እንዲሠራ =ማፕ(ሲ2:ሲ201፣ ግብር) በሉት።

ከግብር ከበድ ያለ ምሳሌ የለህም?

አለኝ፣ የምወደውም እሱን ነው። ባሕረ ሐሳብ። የቤተ ክህነት ሰዎች በጣታቸው የሚያሰሉት የፋሲካ ስሌት ከላይ እስከ ታች እርስ በርሳቸው በሚጠራሩ ትንንሽ ፈንክሽኖች የተሠራ ነው፤ ስማቸው እንኳ ተዘጋጅቶ ነው የቆየን።

መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ዓመተ ዓለም እናገኛለን። 2018 ሲሆን 7518። ይህን በ19 ስንገድፈው፣ ማለትም አካፍለን ቀሪውን ስንይዝ፣ የሚተርፈው መደብ ይባላል፣ 13። «አሐዱ አእትት ለዘመን» ይላሉ፣ አንድ ስንቀንስ ወንበር 12 ይሆናል። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ነው። ለ2018 አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መምጣት አለባቸው።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ መስከረም ላይ፣ ካነሰ ጥቅምት ላይ ይውላል። 14 ራሱ ቢመጣስ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ከአሥራ ዘጠኙ ወንበሮች በአንዱም አይመጣም። የዋለበት ዕለት ደግሞ ተውሳክ (የሚደመር ቁጥር) አለው፦ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2፣ ቅዳሜ 8፣ እሁድ 7።

ወደ ኤክሴል ስናመጣው ከመስከረም 1 ጀምሮ ቀን በመቁጠር ብናስበው ብዙ ኢፍ ይቀርልናል። መስከረም 18 አሥራ ስምንተኛው ቀን ነው፣ ጥቅምት 10 አርባኛው። የነነዌ ጾም የሚገባው ይህ ቁጥር ላይ ተውሳኩንና 120ን ስንደምር ነው፤ ፋሲካ ከነነዌ 69 ቀን በኋላ ስለሆነ 189 እንደምራለን። ፈንክሽኖቹ እነሆ፦

ወንበር =ላምዳ(ዓመት፣ ሞድ(ዓመት+5500፣ 19)-1)

መጥቅዕ =ላምዳ(ዓመት፣ ሌት(መ፣ ሞድ(ወንበር(ዓመት)\*19፣ 30)፣ ኢፍ(መ=0፣ 30፣ መ)))

ፋሲካ =ላምዳ(ዓመት፣ ሌት(ዓለም፣ ዓመት+5500፣ መ፣ መጥቅዕ(ዓመት)፣ ቁ፣ ኢፍ(መ>14፣ መ፣ መ+30)፣ ዕለት፣ ሞድ(ዓለም+ኢንት(ዓለም/4)+ቁ-1፣ 7)፣ 189+ቁ+ቹዝ(ዕለት+1፣ 6፣5፣4፣3፣2፣8፣7)))

ሌት የሚሠራው ለመካከለኛ ውጤቶች ስም መስጠት ነው። ሞድ ይገድፋል፣ ኢንት ክፍልፋዩን ጥሎ ሙሉ ቁጥሩን ይይዛል፣ ቹዝ ከዝርዝሩ በተራ ቁጥር ይመርጣል። ዕለት ዜሮ ሲሆን ሰኞ፣ 6 ሲሆን እሁድ ነው። ለ2018 ሲሰላ 189 ሲደመር 18 ሲደመር 7፣ ማለትም 214 ይመጣል። ሰባት ወር 210 ቀን ነው፣ አራት ይተርፋል። ሚያዝያ 4። አክስቴ ካላንደር ገልጣ አረጋግጣለች።

ከላይ ካሉት ሦስቱ በአንዱ ውስጥ ግን ስህተት አለ። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። የሚቀጥለው ጥያቄ ስለሱ ነው።

ውጤቱ ልክ ከመጣ ፈንክሽኑ ልክ ነው ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም። እኔም በደንብ የገባኝ በዚሁ ፈንክሽን ነው።

የ2016ን ሞከርኩ፣ ሚያዝያ 27። ልክ። የ2017ን ሞከርኩ፣ ሚያዝያ 12። ልክ። ወደኋላ ሃያ ዓመት ሄድኩ፣ ሁሉም ልክ። ደስ ብሎኝ አስቀመጥኩት። ከዚያ የድሮ ኤክሴል ላለው ጓደኛዬ ያንኑ ስሌት ምንም ሳልቀይር ወደ ቪቢኤ ገለበጥኩለት። እሱ ደግሞ የ2005ን ጠየቀውና መጋቢት 22 አለው። የ2005 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ ቀድሟል! የሚያስቀው ደግሞ ያ ቀን በፈረንጅ ማርች 31 ቀን 2013 ነው፣ የካቶሊኮቹ ፋሲካ የዋለበት፤ ጓደኛዬ «ፈንክሽንህ ሃይማኖት ቀይሯል» አለኝ።

ምን ሆነ? የ2005 ዓመተ ዓለም 7505 ነው፣ በ19 ያለቀሪ ይካፈላል። መደብ ዜሮ። አንድ ስንቀንስ ወንበር ከዜሮ በታች አንድ ሆነ። ሊቃውንቱ ይህን ያውቁታል፣ መደብ ዜሮ ሲሆን ወንበር 18 ነው ይላሉ። እኔ ረስቼዋለሁ። ቪቢኤ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥርን ሲገድፍ ቀሪውም ከዜሮ በታች ይሆናል፣ -19 በ30 ሲገደፍ -19 እንዳለ ይቀራል። የኤክሴሉ ሞድ ግን የአካፋዩን ምልክት ስለሚከተል 11 ይላል። ትክክለኛው መጥቅዕ 12 ነው። 11ም ስህተት ነው፣ ግን ሁለቱ ቀኖች እዚያው ሳምንት ውስጥ ስለዋሉ ተውሳኩ አንዱን ቀን አካክሶት ፋሲካው ሚያዝያ 27 ሆኖ ወጣ። ስህተቱ በስህተት ተሸፈነ።

በጣም ያናደደኝ ማረጋገጫዎቼ ሁሉ ማለፋቸው ነው። «እሁድ ዋለ?» ዋለ፤ ተውሳክ የተሠራው እሁድ እንዲያደርስ ስለሆነ መጥቅዕ ቢሳሳትም እሁድ ይመጣል፣ መጋቢት 22 ራሱ እሁድ ነው። «አበቅቴና መጥቅዕ 30 ይሆናሉ?» ኤክሴል ላይ 19 ሲደመር 11፣ ይሆናሉ! ያጋልጠው የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአሥራ ዘጠኝ ተከታታይ ዓመት ወንበሮችን አውጥቶ ከ0 እስከ 18 አንዳንድ ጊዜ ብቻ መምጣታቸውን ማየት።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱን ከገደፋችሁ በኋላ ሳይሆን በፊት ቀንሱ፦ =ላምዳ(ዓመት፣ ሞድ(ዓመት+5499፣ 19))። በዚህ መንገድ የትም ቢገለበጥ ከዜሮ በታች አይወርድም። የድሮው ለ2024 ዓ.ም. እንደገና ይሳሳት ነበር።

ከሌሎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ፓይተን ከዜሮ በታች ያለን ቁጥር እንደ ኤክሴል ነው የሚገድፈው። ሲ እና ጃቫስክሪፕት እንደ ቪቢኤ። የጉግል ሺትስ ሞድና የጉግል ስክሪፕት ቀሪ ራሳቸው አይስማሙም፣ አንድ ቤት እየኖሩ።

ቪቢኤ ይሻላል ወይስ ላምዳ?

ላምዳ ካላችሁ ላምዳ። ስልክ ላይም ድረ ገጽ ላይም ይሠራል፣ ፋይሉም እንደተለመደው ይቀመጣል። የቪቢኤ ፋይል ማክሮ በሚቀበለው ዓይነት ካልተቀመጠ ኮዱ ይጠፋል፣ በኢሜይል ሲላክ ደግሞ ኤክሴል ማክሮውን ይዘጋዋል። ሌላም ጣጣ አለ። የቪቢኤ መጻፊያ ፊደላችንን አያውቅም፤ «መስከረም» ብላችሁ ብትለጥፉ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ታያላችሁ። ያለው መላ በቁጥር መጥራት ነው፣ ሀ 4608 ናት፣ ሁ 4609፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ወይም ደግሞ የወሮቹን ስም ሺት ላይ ጽፎ ከዚያ ማንበብ፣ እኔ የማደርገው ይህን ነው። ፔይሮል ለምትሠሩ ደግሞ፦ የቪቢኤ ማጠጋጊያ 2.5ን ወደ 2 ነው የሚወስደው፣ የኤክሴሉ ግን ወደ 3። ሳንቲም ላይ ትጣላላችሁ።

የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ፈንክሽን ስጠን።

=ላምዳ(ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ 365\*ዓመት+ኢንት(ዓመት/4)+30\*ወር+ቀን-691194)

ወር በቁጥር ነው፣ ጳጉሜ 13። ለሚያዝያ 4 ቀን 2018 46124 ይመጣል፤ አትደንግጡ፣ ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፣ የሴሉን ዓይነት ወደ ቀን ስትቀይሩት ኤፕሪል 12 ቀን 2026 ይሆናል። በየአራት ዓመቱ የምትመጣውን ስድስተኛዋን ጳጉሜ ያ ኢንት ያለበት ክፍል ይሸከማታል፤ ዓመቱ በ4 ሲገደፍ 3 ከተረፈ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ 6 ናት። ውጤቱ በ1462 ቀን ከተሳሳተ ፋይሉ ከ1904 የሚቆጥር የድሮ የማክ ፋይል ነው።

ጀርመን ነው ያለሁት፣ የላክኸው ፎርሙላ ስህተት ይላል።

እዚያ ኮማ ለአሥርዮሽ ስለሚያገለግል ግብዓቶቹ የሚለዩት በሴሚኮለን ነው። ኢፍም ቬን ይባላል። ጽሑፉን ሳይሆን ፋይሉን አስልኩ፣ ኤክሴል ሲከፍተው ራሱ ይተረጉመዋል።

ፈንክሽኔን ሌላ ፋይል ላይ ላገኘው አልቻልኩም።

ስሙ የሚኖረው በተሠራበት ፋይል ውስጥ ነው። ፈንክሽኑ የተጠራበትን ሺት ወደ አዲሱ ፋይል ኮፒ አድርጉ፣ ስሙም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ሺቱን ብታጠፉትም ይቀራል።

ማትላብ ወይም ኦክታቭ ላይስ?

ሁለቱም የሒሳብ ማስሊያ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ኦክታቭ ነፃ ነው፣ ማትላብ በውድ ይሸጣል፣ አጻጻፋቸው ግን በአብዛኛው አንድ ነው። ፈንክሽኑን ለብቻው ፋይል ውስጥ አስቀምጡት፣ የፋይሉ ስምና የፈንክሽኑ ስም አንድ ይሁን። የአማርኛ ስም አይቀበሉም፤ ፓይተን ግን ይቀበላል። ሁለት ነገር ሰውን ሁሉ ይጥለዋል። አንደኛ፣ የቁጥር ዝርዝር ስታባዙ ከኮከቧ በፊት ነጥብ ካላደረጋችሁ የማትሪክስ ብዜት ነው የሚሠራው። ሁለተኛ፣ ኢፍ ውስጥ ዝርዝር ስትሰጡ እውነት የሚለው ሁሉም እውነት ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ሁለት መቶ ደመወዝ ሰጥታችሁ «ከ14,000 ይበልጣል?» ብትሉት፣ አንድ ዘበኛ ብቻ ከዚያ በታች ካለ ሥራ አስኪያጁም ጭምር አይበልጥም ይባላል። እዚያም በማክስ ሥሩት፣ ሁለት ሁለቱን እያወዳደራችሁ።